ጥልቀቱ ሦስት ሜትር

ሰኞ ነው ያለው፣ ሰኞ ጠዋት፣ ጆሮዬ ነው ወይስ ወልደሰንበት ነው የተሳሳተው፣ ወልደሰንበት አይሳሳትም፣ የቀበሌው ጸሐፊ ከሆነ ስድስት ዓመቱ ነው አንዲት ቃል ዘሎ አያውቅም፣ ጓድ ሊቀመንበር የተናገሩትን ይጽፋል፣ የጻፈውን ያነባል፣ ገንዳው በሰፊው ሕዝብ ተሳትፎ ስለተጠናቀቀ በቁፋሮው ምክንያት ቀርተው የነበሩት አሥራ ሁለት ወጣቶች ሰኞ ጠዋት ለሁለተኛው ዙር ብሔራዊ ውትድርና እንዲላኩ ተወስኗል፣ አነበበ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ወረቀቱን አጠፈ፣ እኔ እዚህ ጠመኔ ይዤ ተንበርክኬያለሁ፣ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ሳልህ ነው፣ ሳልህ ልጄ ነው።

ገንዳውስ የታለ። እዚህ ነዋ፣ ከጉልበቴ ሥር፣ የቀበሌው አዳራሽ ፊት ያለው አስፋልት ላይ፣ ጠመኔና ከሰል ነው፣ ውሃው ደግሞ ሚስቴ ዘሙሩድ ነጭ ልብስ ስታጥብ ጠብ የምታደርገው ሰማያዊ ዱቄት።

ቆይ፣ ተረጋግቼ ላስብ፣ ድንጋጤ ለሠርቶ አደሩ አይጠቅምም።

መጀመሪያ እውነተኛ ገንዳ ሊሠራ ነበር፣ ይህ አይካድም፣ ከእንጦጦ የሚወርደውን ምንጭ የሚያጠራቅም፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ቀበሌያችን ለበላዩ ለከፍተኛው ቃል ገባ፣ አሥራ ሁለት ልጆች ተመረጡ፣ የቆፈረ ገንዳው እስኪያልቅ ውትድርና አይሄድም ተባለ፣ ዘሙሩድ መንገድ ላይ ተደፍታ ሱጁድ ልታደርግ ምንም አልቀራት፣ ሁለት ወር አዳራሹ ውስጥ እየተቆለፈባቸው አድረው ቆፈሩ፣ ወገባቸው ድረስ እንደገቡ ጥቁር ድንጋይ ገጠማቸው፣ አድኃሪ ድንጋይ፣ ብዙ ተመከረ አልተበገረም። ሲሚንቶውም መጥቶ ነበር። ዝናብ እንዳይመታው ለጊዜው ሊቀመንበሩ ጓድ ቀጀላ ግቢ ተራገፈ፣ ለጊዜው እንደተቀመጠ አጥር ሆኖ ቆመ፣ ሲሚንቶ ጠባዩ ነው፣ ብዙ ካቆዩት ይደርቃል።

ከዚያ ጓድ ቀጀላ ሱቄ ድረስ መጡ፣ ሊቀመንበር በእግራቸው፣ አንተ ሙዘይን አሉኝ፣ ገንዳው በሪፖርት ካለቀ ሦስት ሳምንቱ ነው፣ የጎደለው ፎቶግራፉ ብቻ ነው፣ ያቺን አስፋልት ላይ የምትሠራትን ነገር ሥራልን፣ ሥራው ሲያልቅ ልጅህን ይዘህ ትሄዳለህ። ልጅህን ይዘህ ትሄዳለህ፣ እንዲህ ነው ያሉት፣ በአማርኛ፣ ዘሙሩድም ከመጋረጃው ጀርባ ሰምታለች።

ያቺን ነገር ማንም አላስተማረኝ፣ ታቤላ ጻፊ ነኝ፣ ዳቦ ቤት፣ ልብስ ስፌት፣ ዘይትና ጎማ አለን፣ አንድ ጊዜ ኮተቤ መንገድ ላይ ‹ቁም› ብለህ ጻፍ ተባልኩ፣ ታቤላ ላይ እንደምጽፈው ጻፍኩት፣ ሾፌሮቹ ሳይቆሙ አለፉ፣ ከሩቅ ሲያዩት ፊደሉ ተጨፍልቆ መስመር ሆኖባቸዋል፣ ጎትቼ አስረዘምኩት፣ እግረኛ ሲያየው ጅማት የመሰለ ነገር፣ መሪ የጨበጠ ሰው ሲያየው ቀጥ ያለ ‹ቁም›፣ ፍሬኑን ረገጠ። ከዚያ ወዲህ ነው በዚህ ሱስ የተያዝኩት። ደረጃ ሣልኩ፣ ምድር ቤት ሣልኩ፣ አንድ ቀን ሱቄ ፊት ለፊት ጉድጓድ ሣልኩ፣ ወይዘሮ የማርያምወርቅ የቀበሌው ጉድጓድ ሰው ሳይበላ ይደፈንልኝ ብለው አመለከቱ፣ በሚቀጥለው በጀት ይደፈናል ተብለው በማኅተም መልስ ተሰጣቸው፣ ምን ዋጋ አለው፣ ደስ ብሎኝ ሦስት ቀን ሳወራው ሰነበትኩ።

ሁሉም የአንድ ዓይን ጉዳይ ነው። ዓይኑ የት እንደሚቆም ማወቅ ብቻ። ካሜራ ደግሞ ዓይኑ አንድ ነው፣ ስለዚህ ከሰው ይልቅ ለመታለል የተመቸ ፍጡር ነው፣ ሲባጎ ከፎቶ አንሺው ከሙክታር ካሜራ ራስ ላይ አስሬ እየወጠርኩ እያንዳንዷን ጥግ ለካኋት፣ ሁለት ቀን በጉልበቴ፣ ከላይ ለሚያይ አሞራ የተጨፈለቀ ሱሪ ነው የሚመስለው፣ ከካሜራው ለሚያይ ግን፣ ያ ረብ፣ ግድግዳው ይወርዳል፣ ውሃው ይተኛል፣ ከኋላ እውነተኛው የእንጦጦ ባሕር ዛፍ።

ጓድ ቀጀላ የካሜራው ጥቁር ጨርቅ ሥር ገብተው አዩት። የተገለበጠ ነው አሉ። ሙክታር እዚህ ውስጥ ሁሉም ነገር ተገልብጦ ነው የሚታየው አላቸው፣ ብዙ ቆዩ፣ ላብ በላብ ሆነው ወጡ። ጥልቀቱ ስንት ነው አሉኝ። ስንት ይሁን ጓድ ሊቀመንበር። ሦስት ሜትር ይሁን። ከሰል ጨመርኩበት፣ ሦስት ሜትር ሆነ።

እና አሁን ሰኞ።

ጠየቅኳቸው፣ ወልደሰንበት አንብቦ ሳይጨርስ ጠየቅኳቸው፣ ጓድ ሊቀመንበር ልጄን ይዤ ልሄድ አልነበረም ወይ፣ ሥራው ሲያልቅ ብለውኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፣ ክፋት የለበትም፣ እንኳን ደስ አለህ እንደሚሉት ያለ ነው፣ ሥራው ካላለቀማ በምን ምክንያት ይሄዳሉ አሉኝ፣ ሙዘይን፣ አንተ እኮ ነህ የጨረስከው።

እኔ ነኝ። አሥራ ሁለት ሰው ሁለት ወር ቆፍሮ ያልጨረሰውን እኔ በሦስት ፓኮ ጠመኔ።

አልጨረስኩም ገና፣ የግራው ጥግ አለ፣ ሁለት መስመር ናት የቀረችው፣ ካልዘጋኋት ውሃው በዚያ ይፈሳል፣ ገንዳው ወረቀት ይሆናል፣ ትቼ ብነሳስ፣ ማን ያውቃል፣ ጓድ ቀጀላ አያውቁም፣ ወልደሰንበት ካልተጻፈ አያውቅም፣ ልነሳ፣ አቧራዬን ላራግፍ። ጋሽ ሙዘይን፣ የግራው ጥግ አልተዘጋም፣ ሙክታር ነው፣ ከጨርቁ ሥር፣ ክፉ ልጅ አይደለም ሙክታር፣ ሥራውን የሚያውቅ ልጅ ነው፣ ከክፉ የባሰ። ጓድ ቀጀላ ዞር አሉ፣ አጠገባቸው የቆመው የቀበሌው ታጣቂም ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዞረ፣ አሳክኮት ይሆናል፣ እጄ ወረደች፣ አንድ መስመር፣ ሁለት መስመር፣ በአውራ ጣቴ ጥላውን አሸት አደረግኳት። በጣም ጥሩ ጋሽ ሙዘይን፣ አሁን ልክ ነው።

ልክ ነው። ደስ አለኝ። ለአንድ አፍታ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ልክ በመሆኑ ደስ አለኝ፣ ምን ዓይነት አባት ነው፣ ዘሙሩድ ዱቄቱን በወረቀት ጠቅልላ ስትሰጠኝ አሳምረህ ሥራው ልጄ ይምጣልኝ ነው ያለችው፣ ምን ልላት ነው፣ አሳመርኩት ልላት ነው።

ልጆቹን አመጧቸው። አካፋ በትከሻ፣ በመስመር፣ ወልደሰንበት ያነበበውን አልሰሙም፣ አዳራሽ ውስጥ ነበሩ፣ ይሳሳቃሉ፣ ሳልህ አራተኛው ነው፣ አንገቱ ቀጥኗል፣ መዳፉን በጨርቅ ጠምጥሞታል፣ ጢም የሚመስል ነገር አብቅሏል፣ መቼ፣ እኔ ሳላይ፣ ከገንዳው ማዶ ጠርዙ ላይ አሰለፏቸው፣ የጫማቸው ጫፍ እኔ ካሰመርኩት መስመር ጋር፣ እንደ እውነተኛ ጠርዝ።

ሙክታር አንዲት ፊልም ናት የቀረችኝ ይላል፣ አሥራ አንዱ ፊልም ጓድ ቀጀላ በልዩ ልዩ አቅጣጫ ሥራ ሲመሩ ያሳያል፣ ወደ ከፍተኛው የሚሄደው መኪና ስድስት ሰዓት ላይ ይነሳል፣ አንዲት ፊልም፣ እንግዲህ አንድ ጫማ፣ አንድ ጫማ ብቻ ውሃው ላይ ቢያርፍ ሥዕሉ ሞተ፣ ሰው ሦስት ሜትር ውሃ ላይ አይቆምም፣ ፎቶ የለም፣ ገንዳ የለም፣ አላለቀም፣ ልጆቹ ቆፋሪ ናቸው፣ ያ ጥቁር ድንጋይ፣ አላህ ዕድሜ ይስጠው፣ አሥር ዓመት ይቆፍሩት።

የኔ ጫማስ። ሦስት እርምጃ ነው። ሂድ። ሂድ እንጂ ሙዘይን፣ እግሬ ደንዝዟል፣ ከጠዋት ጀምሮ ተንበርክኬ ደም የለውም፣ ውሸት፣ ደም አለው፣ ታጣቂው ያሳክከዋል፣ እኔ ፈሪ ነኝ፣ ሌላ ምንም አይደለም፣ ፀረ ልማት የሚባል ነገር አለ፣ ማን ከየት እንደተወሰደ አውቃለሁ፣ እግሬ አይሄድም።

ሳልህ ግን። ሳልህ ቢራመድ ስህተት ነው ይባላል፣ ልጅ ነው፣ አቋቋም የማስተካክለው ደግሞ እኔ ነኝ፣ ሠዓሊው፣ ማን ይጠረጥራል፣ ጉሮሮዬን ልጥረግ፣ እንደ ሥራ፣ ሳልህ፣ አልኩ፣ አንድ እርምጃ ወደፊት።

አየኝ። ወደ ታች ጠመኔውን አየ። ትናንት በአዳራሹ መስኮት እኔው ነኝ የነገርኩት፣ ፎቶው ካማረ ማታ ቤትህ ነህ፣ እናትህ እየጠበቀች ነው፣ እንዳትረግጠው ተጠንቅቀህ ቁም፣ እኔው በዚች ምላሴ።

አባዬ፣ ውሃ እኮ ነው።

ሳቁ። አሥራ አንዱ ሳቁ፣ ታጣቂው ሳቀ፣ ጓድ ቀጀላ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፣ ንቃቱ ጥሩ ነው አሉ፣ እኔም ከሰፊው ሕዝብ ጋር ሳቅሁ፣ ጥርሴ መገለጡ ይታወቀኛል፣ ሳልህ በአንድ ዓይኑ ጠቀሰኝ፣ ገብቶኛል አባዬ ማለቱ ነው፣ ደግሜ ልበለው፣ እንዳትነቃነቁ ይላል ሙክታር፣ ልበለው፣ ሳል… ጠቅ።

ጠቅ ነው ያለው፣ ይኸው ነው።

በቃ፣ ተበተኑ። ልጆቹ ውሃውን እየረገጡ አለፉ፣ ሦስት ሜትሩን እየረገጡ፣ ጓድ ቀጀላ ራሳቸው መሐሉን አቋርጠው እጄን ሊጨብጡኝ ይመጣሉ፣ ጫማቸው ሰማያዊ ሆኗል፣ የሚሉት አይሰማኝም፣ ሳልህን ነው የማየው፣ ብቻውን ቀርቷል ልጁ፣ አካፋውን በሁለት እጁ ሚዛን አድርጎ ይዞ በጠርዙ በጠርዙ ይመጣል፣ እግሩ ሥር እያየ፣ የአባቱ ሥራ እንዳይበላሽ፣ አሁን ማንም አያየውም፣ ፎቶው ተነስቷል፣ ቢረግጠው ምንም የለም፣ አልረግጥም አለ፣ ቀና ብሎ ይስቅልኛል፣ እንሂድ ሊለኝ ነው፣ እዚህ ሲደርስ አባዬ እንሂድ ይለኛል፣ ምን እላለሁ፣ አንዱን ጥግ ዞረ፣ ዙር የኔ ልጅ፣ አትቸኩል፣ ያኛውም አለ፣ እሱንም ዙረው፣