ከማን ጋር ይኖራሉ?

ልብስ ሰፊዋ የምግብ ድጎማው ካርድ ያመለጣት በገዛ አፏ ነው። ሹም አልበደላት፣ ጉቦ የጠየቃትም የለም። ቀናች፤ ዋሸች፤ ውሸቷ ተመዘገበ።

ታናሽ እህቷ ጸጉር ሠሪ ናት። ሁለቱ የሚኖሩት ጎን ለጎን በተከራዩዋቸው ክፍሎች ነው፤ ግድግዳው ስስ ስለሆነ አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ ከወዲያ ማዶ «ይማርሽ» ትላለች። እናታቸው ከታናሺቱ ጋር ናቸው። እዚያ ይበላሉ፣ እዚያ ያድራሉ፤ ሠላሳ ዓመት የሞላትን ሴትዮ ዛሬም «ሚጣዬ» ይሏታል። ልብስ ሰፊዋን የሚጠሯት «አንቺ» ብለው ነው። ወደ እሷ ክፍል ብቅ የሚሉትም የተተረተረ ነገር ሲኖራቸው ብቻ ነው።

የድጎማው መዝጋቢ ቅጹን ይዞ የመጣ ዕለትም እናትየው የቀሚሳቸው ጠርዝ ተተርትሮ እሷ ዘንድ ተቀምጠው ነበር። ስንት ልጅ እንዳላት ጠየቃት፤ ሁለት አለችው። ስለ ባሏም ጠየቃት። ጥሏት ከሄደ አራት ዓመቱ መሆኑን ነገረችውና፣ መንግሥት አድራሻውን ካገኘ ለእሷም እንዳይደብቃት ቀለደች። ሰውየው ሳቀ፤ ከዚያም በእስክሪብቶው ወደ አሮጊቷ አመለከተ።

«እናትሽስ ከማን ጋር ይኖራሉ?»

«ከኔ ጋር ነዋ። ከማን ጋር ሊኖሩ ኖሯል?»

እናትየው ቀና ብለው አዩዋት፤ ትንፍሽ ግን አላሉም። መዝጋቢው ጡረታ እንዳላቸው ሲጠይቅም አዎ፣ የሟች አባቷን ጡረታ ይቀበላሉ አለች። ደስ እያላት ነው የተናገረችው፤ እናቷ ቢያንስ በመንግሥት ቅጽ ላይ የሷ ሆነዋልና። በማግስቱ ሰውየው ጸጉር ሠሪዋን ሊመዘግብ ሲመጣ እናቷ እህቷ ቤት መመዝገባቸውን ነገራት። እሷም «እንግዲህ እትዬ ካለች» ብላ ተወችው።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ከሁለት ወር በኋላ ዝርዝሩ በድጎማው ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ጸጉር ሠሪዋ አልፋለች። ልብስ ሰፊዋ የተገኘችው «መስፈርቱን ያላሟሉ» የሚለው ወረቀት ላይ ነው፤ የቤተሰቧ ገቢ ከተወሰነው በላይ ነው ይላል። ተሰልፋ መስኮቱ ጋ ስትደርስ ጸሐፊዋ የእናቷ ጡረታ በሷ ገቢ ላይ መደመሩን አስረዳቻት። ልጆቼ ያንን ጡረታ በዓይናቸውም አላዩት ብትላት፣ ጸሐፊዋ መዝገቡን መታ መታ አደረገችው።

«እህቴ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።»

የሚያስለቅቀው አንድ የእርማት ቅጽ ብቻ ነበር። አመልካቿ እናቷ በእውነት ከማን ጋር እንደሚኖሩ በራሷ እጅ ትጽፋለች፤ እናትየውና አብራቸው የምትኖረው ይፈርሙበታል። ጊዜው ዐሥር ቀን ነው።

ቅጹን ከክር ጥቅሎቹ ጋር መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። በዚያው ሳምንት ጸጉር ሠሪዋ የመጀመሪያ ድርሻዋን ተቀብላ፣ ዱቄቱን፣ ምስሩንና አምስት ሊትር ዘይቱን እያስጎተተች መጣች። እናትየው በር ላይ ቆመው ለጎረቤት «ሚጣዬ ዘይት አመጣችልኝ» ሲሉ በመስኮት ተሰማ። ልብስ ሰፊዋ ዐሥራ አምስት ዓመት ቀሚሳቸውን ስትሰፋ አንድም ቀን ለጎረቤት ተወርቶላት አያውቅም። የስፌት መኪናዋን ፔዳል እንደ ጠላት አንገት ረገጠችው፤ ክሩ ተበጠሰ። ወዲያው እህቷ ከዘይቱ በጠርሙስ ቀንሳ ላከችላት። ሳትነካው መለሰችው። ጠርሙሱ ሲመለስ ትልቋ ልጇ አየችና ደረቅ ዳቦዋን በላች።

ያ ደረቅ ዳቦ አላስቀምጥ አላት። በዘጠነኛው ቀን ቅጹን ይዛ እህቷ ክፍል ገባች። ጸጉር ሠሪዋ አነበበችው፤ ጡረታው ወደሷ ከዞረ ካርዱን እንደምታጣ ወዲያው ገባት።

«እፈርማለሁ እትዬ፤ እውነት ነው» አለች። «ግን መጀመሪያ አንቺ ጻፊ።»

እስክሪብቶው ልብስ ሰፊዋ እጅ ላይ ቀረ። ይኼኔ እናትየው ከአልጋቸው ጫፍ ሆነው ተናገሩ።

«ያኔ ሰውየው ፊት ላላዋርድሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ካልሽ ደግሞ ያልሽውን እውነት ላድርገው። ጡረታዬን ይዤ ካንቺ ጋር ልኑር።»

ልብስ ሰፊዋ ይህንን ቃል ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቀው ኖራለች። እናትየው ፎጣቸውን ማጠፍ ጀመሩ። መሐል ላይ ግን ቆም አሉ።

«ሚጣዬ፣ ክኒኑን የቱን ነበር ጠዋት የምውጠው?»

«ነጩን። ቢጫው ከምሳ በኋላ ነው» አለች ጸጉር ሠሪዋ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳትል። «መነጽርሽ ትራሱ ሥር ነው።»

ልብስ ሰፊዋ እናቷ ክኒን እንደሚውጡም አታውቅም ነበር። ፎጣቸውን ይዘው ቢመጡ እንኳ ጥያቄያቸው ሁሉ በግድግዳው ወደ እህቷ እንደሚያልፍ ታያት።

«ተዪው እማዬ፤ ፎጣሽን መልሺ» አለችና ጻፈች፦ እናቴ የምትኖረው ከታናሽ እህቴ ጋር ነው። ጽሑፏ እንደ ስፌቷ ቀጥ ያለ ነበር።

ሁለቱም ፈረሙ። ጸጉር ሠሪዋ ፈገግ ለማለት እየሞከረች፣ ካርዱ ሲወጣ እንግዲህ ዘይት የምታበድሪን አንቺ ነሽ አለች።

«ጠርሙስሽን ይዘሽ ነይ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ሳትስቅ።

ጽሕፈት ቤቱ ሳይዘጋ ለመድረስ ወረቀቱን አጥፋ ተነሣች። ደፉ ላይ ስትደርስ እናትየው ከኋላዋ ተጣሩ።

«አንቺ፣ በሩን ጠበቅ አድርጊው። ሚጣዬን ብርድ ይመታብኛል።»

ወጣችና ጠበቅ አድርጋ ዘጋችው።