ዋስ ያጣው ካፒቴን

ልዕልና በሰይፍ እንደሚገኝ፣ ሰፊ ግዛትም በመርከብና በመድፍ እንደሚጸና የማያውቅ አስተዋይ አንባቢ የለም፤ ነገር ግን ኃያላን በያዙት ምድር ሁሉ፣ ከሰንደቅ ዓላማቸው ጥላ ሥር፣ ማንም ሳይዘራው የሚበቅል አንድ ጽኑዕ ቡቃያ አለ፤ እርሱም የተበዳይ ትዝታ ነው። ያደረገው በማግሥቱ ይዘነጋል፤ የተደረገበት ግን ለልጁ፣ ልጁም ለልጅ ልጁ ያወርሰዋል፤ ስለዚህም በዘመኑ ፀሐይ አይጠልቅበትም ይባል የነበረው የእንግሊዝ መንግሥት፣ ፀሐይ በወጣችበት አገር ሁሉ የሚያኮርፈው ሰው አላጣም ነበር። ይህ ገናናና ዐቢይ መንግሥት በወሎ ምድር፣ ጎሽ ሜዳ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በአንዲት ሴት ነጠላ ጫፍ ታስሮ እንደ ዋለ መተረክ እንዴት ደስ ይላል መሰለህ፤ አንባቢ ሆይ፣ ተደላድለህ ተቀመጥ።

ሴቲቱ ወይዘሮ ደብሪቱ ትባላለች፤ ገጿ ብሩህ፣ ወርዷ ሰፊ፣ ድምፅዋ ነጐድጓድ፣ ስትስቅ ከገበያ ማዶ የምትሰማ፣ ስትቆጣ የመንደሩ ውሻ ሳይቀር ጭራውን የሚሰበስብላት ነበረች። አያቷ በመቅደላ ግርጌ ያደገች ናትና፣ እንግሊዞች አምባውን ሰብረው ቅዱሳት መጻሕፍቱንና ንዋያተ ቅድሳቱን በዝሆን ጀርባ ጭነው ሲወርዱ በሕፃንነቷ አይታለች፤ እስከ ዕለተ ሞቷም፣ «ሊያነቡት ቢሆን ባላዘንኩ፤ ከነርሱ ይልቅ ዝሆኑ ተጠንቅቆ ይራመድ ነበር» እያለች ትተርክ ነበር። ደብሪቱም ይህን እየሰማች አደገች። ጣልያን ድል ሆኖ የእንግሊዝ ጦር ከአርበኛው ጎን ለጎን ወደ ጎሽ ሜዳ በገባ ጊዜ፣ ሕዝቡ እልል ሲል እርሷም ከሁሉ በላይ እልል አለች፤ እልልታውን እንደ ጨረሰች ግን ሮጣ ቤቷን ቆለፈች። ጎረቤቶቿ ምነው ቢሏት፣ «እልልታው ለድሉ ነው፤ ቁልፉ ለዝሆኑ» አለቻቸው።

ጣልያንም ሸሽቶ ሲሄድ ከተማይቱ መካከል አንድ የወፍጮ ሞተር ጥሎ ነበር፤ ይህ ሞተር፣ አንባቢ ሆይ፣ እንዲህ ቀላል ነገር እንዳይመስልህ። ደብሪቱ ወጣትነቷን በወፍጮ ድንጋይ ላይ ተንበርክካ የጨረሰች፣ ጉልበቷ እንደ ግመል ጉልበት የደደረ ሴት ናትና፣ ሞተሩ ዱግ ዱግ እያለ ቁናውን እህል ዱቄት አድርጎ ሲተፋው ባየች ዕለት ቆማ አልቅሳለች። አንዲት ልጇ ዘርፌም በዚያ ወራት ነፍሰ ጡር ነበረች፤ እናቲቱም፣ «ልጄ ከነሆዷ ድንጋይ ላይ አትደፋም፤ እኔ የደፋሁት ለሁለታችን ይበቃል» እያለች በሞተሩ ትመካ ነበር። ታዲያ የእንግሊዝ ጦር ጣልያን የተከለውን ማሽን ሁሉ እየነቀለ ወደ ሌሎች ግዛቶቹ ይጭን ጀመር። ለዚሁ ተግባር ወደ ጎሽ ሜዳ የተላከው ካፒቴን ሃርዊክ፣ ቀጭንና ጨዋ፣ የሚወስደውን ሁሉ አመስግኖ የሚወስድ ሰው ነበር፤ በደረሰ በማግሥቱ ገበያተኛውን ሰብስቦ፣ ዑስማን በተባለ ሱዳናዊ አስተርጓሚው አፍ፣ «እነሆ የጉልበት ዘመን አልፎ የሕግ ዘመን መጥቷል፤ ከእንግዲህ ከሕግ በላይ የሚሆን ማንም የለም፤ እኔም ብሆን» ሲል በግርማ ተናገረ። ደብሪቱ ሽንኩርት ትገዛ ነበር፤ ሽንኩርቱን አስቀምጣ ነገሩን ያዘች።

በሚቀጥለውም ገበያ ካፒቴኑ ካሚዮኖቹን አሰልፎ፣ ሐርናም የሚባለውን ጢማም ህንዳዊ ሾፌርና ኦዶኔል የሚባለውን ቀይ ጠጉር የአየርላንድ ሳጅን አስከትሎ፣ የወፍጮውን ብሎን ሊያስፈታ መጣ። በዚያን ጊዜ ደብሪቱ ሕዝቡን እየገፋች ወጣች፤ ከነጠላዋ ጫፍ አንዱን ወስዳ በካፒቴኑ ቀበቶ ላይ ድርብ ቋጠሮ ቋጠረችና፣ «በሕግ አምላክ! ይህን ሰው ከስሼዋለሁ» አለች። ካፒቴኑ ነጠላውንም ሴቲቱንም አየ፤ ዑስማንም፣ የመተማ ገበያ አማርኛን ከነሕጉ ያስተማረው ሰው ነውና፣ ሊደብቀው ባልቻለው ደስታ፣ «ጌታዬ፣ ይህ ቁራኛ ይባላል፤ ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ተቋጥረው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። በጥሶ የሄደ ሕግ ሰበረ ይባላል» አለው። አንድ ጊዜ ቢስበው ያ ቋጠሮ በተፈታ ነበር፤ ዳሩ ግን ገበያው በሙሉ ያን የሕግ ዘመን ስብከት የሰማው ገበያ ነው፤ አፉ የቀደመው ካፒቴንም እየሳቀ፣ ጨዋታም መስሎት፣ ከደብሪቱ ኋላ ወደ ዋርካው ተጐተተ።

ከዋርካው ሥር ባላምባራስ ይማም፣ ጺመ ነጭና ቃለ ርቱዕ የሆኑት ዳኛ፣ ተቀምጠው ነበር። ደብሪቱ ወፍጮው ያለ ፍርድ እንዳይነቀል ክሷን አሰማች፤ ባላምባራስም የካፒቴኑን ማዕረግ ከቁም ነገር ሳይቈጥሩ፣ «ለዚህ ነገር ቀጠሮ ያስፈልገዋል። ተከሳሽ፣ ዋስህን ጥራ፤ ዋስ የሌለው ከቁራኛ አይፈታም» አሉት። ሰውየው፣ «ምን ችግር አለ» አለና ወደ ሰዎቹ ዞረ፤ ፈገግታውም ገና ከፊቱ አልወረደም ነበር። አስቀድሞ ዑስማንን ጠራ። ዑስማን ግን እጁን ደረቱ ላይ አኑሮ፣ «ጌታዬ፣ ለአፍዎ አስተርጓሚ ነኝ። አያቴ ግን በአገሬ በሱዳን፣ በከረሪ ሜዳ፣ በእናንተ መትረየስ ፊት፣ ከሺህ ወንድሞቹ ጋር ወድቆ ቀርቷል፤ ለእርሱ ያን ቀን ዋስ የሆነው አልነበረም» አለ። ሐርናምም ሲጠራ፣ አባቱ በህንድ አገር በአምሪትሳር፣ በዚያ መውጫው በተዘጋ የአትክልት ቦታ፣ የእንግሊዝ ጦር ከተኰሰበት ሕዝብ አንዱ ነበርና፣ የካሚዮኑን ሞተር አጠፋ፤ ወርዶም ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ሳጅን ኦዶኔልም ሰላምታ በወታደር ደንብ ሰጥቶ፣ «ካፒቴን፣ ሙት ካሉኝ እሞታለሁ፣ ትእዛዝ ነውና። ዋስ ሁን ካሉኝ ግን አያቴ ከመቃብር ተነሥታ በጥፊ ትለኛለች፤ አገራችን በረሃብ ሲያልቅ የእርሻችን እህል በመርከብ ወደናንተ ሲጫን ከወደቡ ቆማ ያየች ሴት ናት» አለ። ዑስማንም አንዲት ቃል ሳያስቀር ተረጐመው፤ ደብሪቱም እህል የሚለውን በሰማች ጊዜ ሳጅኑን ከእግር እስከ ራሱ አየችውና፣ «ይህስ የእኛው ሰው ነው፤ ፀሐይ ብቻ ነው የለበለበው» አለች።

ፀሐይም አዘቀዘቀች፤ የዓለምን እኩሌታ የያዘው መንግሥት ሹም በአንዲት ነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ፣ ፈገግታው ደርቆ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቆመ። በዚያን ጊዜ ደብሪቱ፣ በድል መካከል ያለ ሰው ነውና ለጋስ የሚሆነው፣ ድንገት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ጌታዬ ባላምባራስ፣ ዋስ ማጣትን ለጠላቴም አልመኝም። ባዕድ ሰው በአገሬ ሰው አጥቶ ሲያድር አላይም፤ ዋሱ እኔ ነኝ» አለች።

«አንቺ ከሳሽ አይደለሽም እንዴ?» አሉ ባላምባራስ።

«ከሳሽም ነኝ። አንዷ ደብሪቱ ሁለቱንም ትችለዋለች፤ ባይሆን ወርዴን ይዩት» አለች።

ዋርካው ሥር ያለው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ባላምባራስም ሳቃቸውን በጺማቸው ሸፍነው፣ «እንግዲያስ ይሁን፤ ቀጠሮው ለመስቀል ማግሥት፤ እስከዚያ ወፍጮው ባለበት ይርጋ፣ አንድ ብሎን እንዳይነካ» ሲሉ በየኑ። ደብሪቱ ቋጠሮውን ስትፈታለት ካፒቴኑ ጎንበስ ብሎ አመሰገነ፤ ያ ሰው ምንም ሳይወስድ ሲያመሰግን የታየው ያን ቀን ብቻ ነው። ካሚዮኖቹም ባዷቸውን፣ አቧራ ብቻ ጭነው ሄዱ።

መስቀልም አለፈ፤ በማግሥቱ ደብሪቱ ጥበቧን ለብሳ፣ በክረምቱ የተወለደውን የዘርፌን ልጅ አዝላ ከዋርካው ሥር ተገኘች። ካፒቴኑ ግን አልመጣም፤ ወደ ሌላ ጦር ሜዳ ተዛውሯል ተባለ። ባላምባራስም ፊታቸውን አኰስትረው፣ «ዋስ ሆይ፣ ሰውሽን አቅርቢ» አሏት።

«ሰውየው የለም፤ ጠፍቶብኛል» አለች።

«እንግዲያስ ለከሳሽ ካሳ ትከፍያለሽ።»

«ከሳሿን አውቃታለሁ፤ የጨዋ ልጅ ናት፣ ይቅር ትለኛለች» አለች፤ ተከሳሹም በቀጠሮው ስላልቀረበ ወፍጮው ለጎሽ ሜዳ ተፈረደ። ከማዶም ሞተሩ ዱግ ዱግ ማለት ጀመረ፤ ሕፃኑ በጀርባዋ ተኝቷል፣ ዘርፌ ቀጥ ብላ ቆማ እህሏን ታስፈጫለች፣ የደብሪቱም እልልታ ከሞተሩ በላይ ይሰማል፤ በዚህኛው ጊዜ ቤቷን አልቆለፈችም። ግዛት በጦር ይሰፋል፣ በመርከብም ይሻገራል፤ ልኩ የሚታወቀው ግን፣ በጨነቀው ቀን ዞር ብሎ ዋስ ሲጠራ፣ ከገዛው ሕዝብ ሁሉ መካከል «እኔ አለሁ» የሚለው ሲገኝ ወይም ሲታጣ ነው።