ለሁለት መቶ አርባ ሲካፈል

«ለስንት ሰው ነው?» አለች ልጁ፣ የኩሽናውን በር በትከሻዋ ደግፋ።

«ለአንድ።»

«አባዬ፣ አስራ አንድ ድንች ልጠሃል!»

አባቷ አስራ ሁለተኛውን ድንች እጁ ላይ አገላብጦ አየው። እውነትም በዝቷል። ግን ምን ያድርግ? ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ሆስፒታል ኩሽና ለሁለት መቶ አርባ በሽተኛ ሲያበስል የኖረ እጅ፣ አንዴ ቢላዋ ከጨበጠ ማቆሚያውን አያውቅም። የሥራ ባልደረቦቹ አለቃ ጭልፋ ይሉታል። በሽተኞቹ ደግሞ ቶሎ የሚድኑት ከሾርባው ለማምለጥ ነው ተብሎ ይታማ ነበር። እሱ ሐሜቱን እንደ ሙገሳ ነው የሚቆጥረው። «ዋናው መዳናቸው ነው» ይላል፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

ሚስቱን ከቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ሳሎኑ ከየጎረቤቱ በተለቃቀመ ወንበርና በለቀስተኛ ተሞልቷል። «እግዜር ያጽናህ» ሲባል አንገቱን መነቅነቅ ሰልችቶት ነው ወደ ኩሽና የሸሸው።

«ሰባተኛው ቀን ካለፈ በኋላ እኛ ጋ ነህ» አለች ልጁ። «ቤቱን የሚከራይ ሰው አግኝቻለሁ።»

«እናንተ ጋ የት ልተኛ?»

«ልብስ መተኮሻው ክፍል አለ።»

«ከካውያው ጋር?»

«ቀልዱን ተወው አባዬ። ለአንድ ሰው አስራ ሁለት ድንች! ግማሹን ትደፋለህ፤ በወሩ አጋማሽ ጡረታህ ያልቃል፤ ከዚያ ደረቅ ዳቦ እያኘክ አንድ ቀን ራስህን ስተህ ትወድቃለህ። የታወቀ ስጋት ነው።»

ልጅቷ ኢንሹራንስ ድርጅት ውስጥ ነው የምትሠራው። ለእሷ የሰው ልጅ ማለት ገና ያልወደቀ ዕቃ ነው።

አለቃ ጭልፋ በበሩ ክፍተት ወደ ሳሎኑ አየ። የሚስቱ የስፌት መኪና መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፤ ያልጨረሰችው የሰው ቀሚስ እጅጌ ከመርፌው ሥር እንዳለ ነው። ከዚህ ቤት ቢወጣ እሷን ዳግመኛ መቅበር ይሆንበታል። ይህን ግን ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው አይደለም።

«እስከ ሰባተኛው ቀን ታገሺኝ» አለ። «የአንድ ሰው የሳምንት ምግብ በጡረታዬ ልክ አሰናድቼ አሳይሻለሁ። ከበዛ፣ ካነሰ፣ ወይ ከተደፋ፣ ሻንጣዬን ራሴ ተሸክሜ እመጣለሁ። ሁለት መቶ አርባ ሰው ያበላሁ ሰውዬ አንድ ሽማግሌ ማብላት ያቅተኛል?»

«እሺ» አለች ልጁ። ድንቹን ግን ወሰደችው። ለለቀስተኛው ምሳ በልክ በቃ።

በማግሥቱ አለቃ ጭልፋ እርሳስና ወረቀት ይዞ ተቀመጠ። ነገሩ ሒሳብ ብቻ ነው፤ ሒሳብ ደግሞ ሐዘን አያውቅም። አስራ ሁለት ኪሎ ምስር ለሁለት መቶ አርባ ሲካፈል፣ ሃምሳ ግራም። ሽንኩርቱ ሩብ ራስ ብቻ ሆነ። ስድሳ ሊትር ውኃ ሲካፈል፣ አንድ ብርጭቆ። ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና ቤቱ ካሉት ድስቶች ሁሉ ትልቁን ጣደ። በትንሽ ድስት ማብሰል ለእሱ የልጆች ዕቃ ዕቃ ጨዋታ ነበር።

እሳቱን እንደ ልማዱ ለቀቀውና እንግዶቹን ሊያጫውት ወጣ። ሁለቱ የሚስቱ የአክስት ልጆች ግድግዳው ጥግ ሆነው ሻይ እየጠጡ ይንሾካሾካሉ። ሹክሹክታቸው ለሦስት ቤት የሚበቃ ነበር።

«ነፍሷን ይማረውና እጇ ግን ጠበቅ ያለ ነበር።»

«ጠበቅ ያለ ትያለሽ? አንድ ካሮት ነበር እኮ የምትገዛው! ባለትዳር ሴት! አንድ ካሮት፣ አንድ ቲማቲም። አትክልት ተራ ስሟ እትዬ አንዲት ነው።»

«ኧረ ዝም በይ፣ ባልየው ይሰማል።»

ባልየው ሰምቷል። አልተቆጣም፤ እሱም እንደዚያ ያስብ ነበርና። ሚስቱ ጨርቅ ስትቆርጥ ለአሻንጉሊት ቀሚስ የሚሆን ቁራጭ እንኳ የማታስተርፍ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ቁጠባው ከዚያ የመጣ ይመስለው ነበር። አመሻሹ ላይ ከሥራ ሲመለስ፣ ክር በከንፈሮቿ እንደያዘች ቀና ብላ ታየዋለች።

«ምግብ ላቅርብ?»

«ጠግቤያለሁ።»

እውነቱን ነው። በቀን ስድስት ድስት የሚቀምስ ወጥ ሠሪ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ሆዱ ተነፍቶ ነው። «እሺ» ትለዋለች፤ ክሩን ከከንፈሮቿ አውጥታ መርፌው ውስጥ ታስገባለች። እሱም ጫማውን እያወለቀ «ደግሞ በአንድ ካሮት ምን ልታበይኝ ኖሯል?» ብሎ ይቀልዳል። እሷም ትስቃለች። ወይም የምትስቅ ይመስለው ነበር።

ይህን እያሰበ ሳለ ጭሱ ሳሎን ገባ። አንድ ብርጭቆ ውኃ በዚያ ሰፊ ድስት ውስጥ ገና ሳይፈላ ነው ተንኖ ያለቀው። ለቀስተኛው ሁሉ ዓይኑን እየጠረገ ወደ ደጅ ተንጋጋ። እውነት ለመናገር፣ ከቀብሩ ወዲህ የአክስት ልጆቹ ዓይን እንባ ሲያፈስ የታየው ያን ጊዜ ነው።

ልጁ መስኮቱን ከፈተች። ከዚያም በጣቶቿ ሦስት አሳየችው። ሦስት ቀን ቀርቶሃል።

በአምስተኛው ቀን ማለዳ፣ ገና እንግዳ ሳይመጣ፣ ፀጉር ሠሪዋ ጎረቤት ብቅ አለች። የሟች የልብ ወዳጅ ነበረች።

«ጋሼ፣ ምስሩን አሳረሩት አሉ።»

«ስሌቱ ልክ ነበር!»

«ስሌቱማ ልክ ነው። እሳቱ ነው ትምህርት ቤት ያልገባው።»

ወንበር ስባ ወጣችና ከመደርደሪያው ጀርባ አንዲት ትንሽ ድስት አወረደች። «በዚህች ነው። ክዳኑ ከተገጠመ፣ እሳቱም ከቀነሰ፣ ውኃው የት ይሄዳል?»

አለቃ ጭልፋ ድስቷን ተቀበላት። ሰው ደብዳቤ እንደሚያነብ እሱ ድስት ያነባል። ቂጧ ጠቁሯል፤ አንዱ ጆሮዋ ተነቅሎ በሽቦ ታስሯል፤ ውስጧ ማንኪያ አንድ ቦታ ላይ ሲዞርባት ኖሮ ክብ ሠርቶባታል። ሌሎቹን ድስቶች አየ። ገና ከሱቅ የወጡ ይመስላሉ።

«ለምን በዚህች ብቻ?»

ፀጉር ሠሪዋ ከወንበሩ ወረደች። «ለማን ብላ በትልቁ ትጣድ ጋሼ? ልጅቷ ካገባች አስራ ሁለት ዓመቷ። እርስዎ ጠግበው ይመጣሉ። ለአንድ ሰው ነበር የምታበስለው። ባሌ ጥሎኝ የሄደ ጊዜ ብቻዬን መብላት ያስተማረችኝ እሷ ናት። እኔማ ያን ሰሞን ቆሜ ዳቦ እገምጥ ነበር። 'ተቀምጠሽ ብዪ' ነው ያለችኝ።»

«ስስታም ትመስለኝ ነበር» አለ ሰውዬው ቀስ ብሎ።

«ስስታም?» ሳቋ መጣና ተመለሰባት። «እርስዎ ጡረታ በወጡ ማግሥት ሱቄ ገባች። ሁለት ካሮት እንደ እቅፍ አበባ ይዛለች። 'ሁለት ነው የገዛሁት' አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ፀጉሯን አሠርታ ሄደች።»

ሁለት ካሮት የተገዛው ለስምንት ወር ነው። ከዚያ እሷ ታመመች።

አለቃ ጭልፋ ለሁለት መቶ አርባ ሰው ሲያድል በየዎርዱ ማን እንዳልበላ ያውቅ ነበር። የማን ሰሃን ሳይነካ እንደተመለሰ ለነርሶቹ የሚናገረው እሱ ነው። በገዛ ቤቱ አንድ ሰው ብቻውን ሲበላ መኖሩን ግን የነገረው አልነበረም። እሱም አልጠየቀም። ድስቷን ጨብጦ ቆመ፤ ጆሮዋን ያሰረው ሽቦ መዳፉን ወጋው።

«በይ እሺ» አለ በመጨረሻ። «አስተማሪሽ እንዴት ነበር የምታደርገው? ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

ነገረችው። ምስሩ በሦስት ቀን አንዴ ነው የሚቀቀለው። በመጀመሪያው ቀን ከአንድ ድንች ጋር ይበላል። በሁለተኛው ቀን ሩዝ ላይ ይፈስሳል። በሦስተኛው ቀን የቀረው በቲማቲም ቀጥኖ ሾርባ ይሆናል። አንዱ ካሮት ለሦስቱም ቀን ይከፈላል። ጥቅል ጎመን በልጅ ራስ ልክ እንጂ በአዋቂ ራስ ልክ አይገዛም። ገበያ ደግሞ ሆድ ባዶ ሆኖ አይወጣም፤ የራበው ሰው ዓይኑ ለሠርግ ነው የሚገዛው።

«ይሄማ ከእኔ ሙያ ይከብዳል» አለ አለቃ ጭልፋ። ሲያሞግስ እንጂ ሲያማርር አልነበረም።

በስድስተኛው ቀን ሆዱን ሞልቶ አትክልት ተራ ወረደ።

«አንድ ካሮት።»

ሻጯ ቀና ብላ አየችው። «አንድ ኪሎ?»

«አንድ ፍሬ።»

ሴትየዋ ሚዛኑን ወደ ጎን ገፋችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ክምሩን ስታገላብጥ ቆየችና ቀጥ ያለውን መርጣ ሰጠችው። «ያጽናዎት» አለችው።

በሰባተኛው ቀን ቀትር ላይ ወንበሮቹ ወደየቤታቸው ሲመለሱ ልጁ ኩሽና ገባች። እንደ ንብረት ገማች ነው ያየችው፤ መደርደሪያውን፣ የቆሻሻ ቅርጫቱን፣ በየብርጭቆው የተለካውን ሩዝና ምስር፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የሳምንት ዝርዝር። የድስቷን ክዳን አነሳች። በማንኪያ ቀመሰች። ደገመችም።

«ኧረ ተይ፣ ለአንድ ሰው ነው!» አለ አባቷ።

ልጁ ማንኪያውን እንደያዘች ቆመች። «የእማዬ ጣዕም አለው።»

«ጨውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። እሷ ጨው ላይ ትፈራ ነበር።»

ሳቀች፣ አለቀሰችም፤ የትኛው እንደቀደመ አልተለየም። ከዚያ ስልኳን አወጣች። «ሄሎ፣ ስለ ቤቱ ነበር… አይ፣ አይከራይም። ባለቤቱ አሉበት።» ስልኩን ዘጋችና አባቷን ግንባሩን ሳመችው። «ብትታመም ግን ትደውላለህ።»

«የታወቀ ስጋት ነው» አላት። በከረጢቷ ትከሻውን መታ አድርጋው ወጣች።

ቤቱ ፀጥ አለ። አለቃ ጭልፋ ምስሩን ከድንቹ ጋር ሰሃን ላይ ገለበጠው። ልክ ነው፤ ለአንድ ሰው፣ አንድ ጉርሻ ሳይበዛ፣ አንድ ጉርሻ ሳያንስ። ወንበር ስቦ ከሚስቱ ባዶ ወንበር ትይዩ ተቀመጠ። በማንኪያው ጠርዝ ሰሃኑ መሐል ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረ። ከወዲህኛው በኩል ጀመረ፣ ቀስ እያለ። መስመሩ ጋ ሲደርስ ማንኪያውን አስቀመጠ።