አንዲት ስኳር

ባለቤቴ እዝራ ከአባቱ ቤት ከቀረ አምስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ጥፋቱ እኔን ማግባቱ ነው። አቶ ኦላና የቤተ ክርስቲያናቸው ምሰሶ፣ እኔ ኑራ ደግሞ ኢምፔሪያል ሆቴል ጋ መጋረጃ የምሸጥ የወሎ ሙስሊም። "እሷን ይዘህ ገርጂ ቤቴ እንዳትመጣ" አሉት። እሱም በግትርነት አባቱን ነውና ብቻውንም አልሄደም። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ኑሯችንን ቀጠልን።

አንድ ቀን ላቦራቶሪ የምትሠራው እህቱ ሮሃ ሱቄ መጣች። ከመጋረጃ ጥቅሎቹ መሀል ተቀምጣ አለቀሰች። የአባቷ ኩላሊት ሥራ አቁሟል፤ የሚሰጣቸው የሥጋ ዘመድ ይፈለጋል። እሷ ልስጥ ብላ ተመርምራ አልሆነም።

"ልጃቸው አይደለሽ እንዴ?"

"ሰውነቱ ልጄ ናት አይልም፣ ኑሪ። ስኳሬን ነው የሚያየው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። በደም ሴሎቻችንና በኩላሊታችን የደም ሥሮች ላይ ትንንሽ የስኳር ሰንሰለቶች አሉ። የሮሃ ደም እንደ እናቷ ኤ ስለሆነ ሰንሰለቷ ጫፍ ላይ አንዲት ትርፍ ስኳር ተቀጥላለች። ደማቸው ኦ የሆነው አባቷ ያቺ ስኳር የለቻቸውም። የበሽታ መከላከያ ሴሎቻቸው ላይ ያሉት ተቀባዮች ያቺን ስኳር ሲያገኙ ልክክ ይሉባታል፤ ባዕድ ገባ ብለው ያስጠቃሉ።

"እንደ እናንተ ኮንዶሚኒየም ጥበቃ በያቸው" አለች ሮሃ። "መታወቂያውን እንጂ ሰውየውን አያዩም።"

"እዝራስ?"

"ኦ ነው። እንደ አባባ።"

ሳቄ መጣ። ሰውየው ከደጅ የመለሱትን ልጅ ሰውነታቸው ከነኩላሊቱ ሊያስገባው ነው።

ማታ ለእዝራ ስነግረው ሳልጨርስ "እሰጣለሁ" አለኝ። ቀጥሎ ግን "መጀመሪያ ሽማግሌ ይግባ" አለ። "ኩላሊቴን ይዤ ብሄድ እርቁን ልገዛው የመጣሁ ይመስለዋል። ታርቀን ነው የምሰጠው። ሮሂም እስከዚያ እንዳትነግረው።"

እኔም ልክ ነህ አልኩት። ስርዓት የማታውቅ እንዳልባል ፈርቼ ነበር።

ከኛ ወገን አጎቴ አብዱራሕማን፣ ከነሱ ወገን አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ተመረጡ። ሽማግሌው ለቀብር ነቀምት ሄዱ። እሳቸው ሲመለሱ አጎቴ ለሠርግ ደሴ ወረደ። አንዱ ያለ ሌላው አይሄድም፤ ሽማግሌ ጎድሎ አይገባም። ሮሃ በየቀኑ እየደወለች "ኧረ ፍጠኑ" ትላለች። እኛ "ይኸው፣ በሚቀጥለው እሁድ" እንላለን። አንድ ሚኒባስ ተሳፍሮ የሚደረስበት ቤት ነበር።

በስንት መከራ ሽማግሌዎቹ ተሟልተው ገቡ። አቶ ኦላና አልጋቸው ላይ ሆነው ጨርሰው ሰሟቸውና "ይሄን ሁሉ ጊዜ እናንተን ነው ሲጠብቅ የኖረው?" አሉ። "ይምጣ። ልጅቱንም ይዟት ይምጣ።"

በማግስቱ ሄድን። እግራቸው አብጦ፣ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። እጄን ያዙና ለረጅም ጊዜ አለቀቁኝም። "አጠፋሁ፣ ልጄ" አሉኝ። ስንት ዓመት ያጠራቀምኩትን ወቀሳ ትቼ እጃቸውን ሳምኩ።

እዝራ ተመረመረ፤ ሁሉም ነገር ገጠመ። ግን በዚያ መሀል የአባቱ ልብ ደክሟል፤ ማደንዘዣ አይችሉም አለ ሐኪሙ። "ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ" ብሎ ጀመረና የእዝራን ፊት ሲያይ ተወው።

ያኔ ነው እዝራ ለአባቱ የነገራቸው። ጆሯቸው ላይ ጎንበስ ብሎ ኩላሊቱን ሊሰጣቸው እንደነበር፣ ሰውነታቸውም እንደሚቀበለው ነገራቸው።

"ኦ ነህ?" አሉ አቶ ኦላና።

"አዎ አባባ።"

"እኔን ነዋ የወጣኸው።" ደስ አላቸው። ያ ደስታቸው ነው እኔን የገደለኝ።

ክረምቱ ሳይገባ አረፉ።

እዝራ አሁን ጎኑን በእጁ ይዞ ይተኛል። በቀደም ያመዋል ብዬ "እዚህ ጋ ምን ሆነህ ነው?" አልኩት።

"ምንም አልሆነም" አለኝ። "ደህና ነው። ሁለቱም ደህና ናቸው።"