በሯ እስኪገጥም

አባቴ ባትላሜራ ነው፤ የተጨማደደ የመኪና ላሜራ ሲያቃና አርባ ዓመት ኖሯል። ሰፈርተኛው «ሚሊሜትር» ይለዋል፤ እሱ እንደ ማዕረግ ነው የሚሰማው። መኪናው የተጋጨችበት ሰው «ጋሼ፣ ለሐሙስ ትደርስልኛለች?» ካለው፣ «ለየትኛው ሐሙስ?» ብሎ ይመልሳል።

ጓሯችን ካለው ጋራዥ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የቆመችው መኪና ግን የደንበኛ አይደለችም፤ የራሱ ናት። ከዓለም ጦርነቱ በኋላ፣ አሜሪካኖች ብረት ተርፏቸው የሚያደርጉትን ባጡበት ዘመን የሠሯት፣ ጣራዋ እንደ ጃንጥላ ወደ ኋላ የሚታጠፍ፣ ርዝመቷ መኝታ ቤታችንን የሚያስንቅ መኪና። ሲገዛት ኮፈኗ ውስጥ ዶሮዎች ይተኙ ነበር። አባዬ ሞተሯ ላይ ነፍስ ዘራበት፤ ክሮሟን መስታወት አስመሰለው፤ ወንበሮቿን ቀይ ቆዳ አለበሳቸው። እኔና እማዬ እስከ ዛሬ የምንቀመጠው ፕላስቲክ ላይ ነው።

እማዬ ስለ መኪናዋ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትለው። አባዬ ወጣት ሆኖ ሲከጅላት እንዲህ ዓይነት መኪና ከአለቃው ተውሶ፣ ጣራዋን ከፍቶ በወንዙ ዳር መንገድ ወስዷት ነበር። ፀጉሯ እንደዚያ ቀን ተበትኖ አያውቅም። የራሴን ገዝቼ እደግምልሻለሁ ብሏት ቀረ።

ባለፈው ዓመት ሳንባዋ ታመመ። ሐኪሙ ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅሎ ካየ በኋላ ለእሷ «አይዞሽ» አላት፤ ለእኔ ኮሪደሩ ላይ፣ ከሁለት ወር አታልፍም አለኝ። ቤት ስንደርስ ሐኪሙ ያለኝን ሁሉ ከፊቴ አነበበችውና አባዬን አስጠራችው።

«ሰውዬ፣ ያቺን ጉደኛህን አውጣት። ወንዙ ዳር ደርሰን እንመለስ። ሌላ ነገር አልጠይቅህም።»

ወለሏ እንደዛገ ነገራት። እግርሽን ስታሳርፊ መንገዱ ላይ ትቀሪያለሽ አላት። ከዚያ ጥቂት አሰበና፣ በአሥር ቀን እጨርሳለሁ አለ። አባዬ ቀን ቆርጦ ሲናገር በዕድሜዬ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

የብረት ጣራ የሌላት መኪና አቅሟ ሁሉ ወለሏ ላይ ነው። ስለዚህ ወለሉ ከመቆረጡ በፊት በሮቹ በሚገቡበት ክፍተት ላይ ብረት ተበይዶ መወጠር አለበት፤ አለዚያ ወገቧ ይጎብጣል። ይህን ለስንቱ ሠራተኛ ያስተማረው፣ የዘነጋውን ደግሞ በዚያው ቀን ያባረረው አባዬ ራሱ ነው። ብረቱን ለክቶ መበየድ ሁለት ቀን ይፈጃል። ብረቱን ሳይበይድ ሁለቱን ቀን ለእማዬ ቆጠበላት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኛ ቤት ግን የመልቀሚያ ቀን አልተረፈም።

አዲሱ ወለል ተበይዶ ሲያልቅ የእማዬ በር አልገጥም አለ። መኪናዋ መሃሏ ላይ የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ሰምጣለች። ቀቢው፣ አብሮት ሃያ ዓመት የሠራው፣ በሩን በገመድ አስረን እትዬን እናንሸራሽራቸው፣ ማን ዝቅ ብሎ ያያል ብሎ ለመነው። አባዬ በእናቱ የሰደበው ይመስል አፈጠጠበት። ወለሉን እንደገና ሊፈታ ወሰነ።

«እኔም ጎብጫለሁ እኮ» አለችው እማዬ። «እንመሳሰላለን። ውሰደኝ።»

«በጎባጣ መኪና አላወጣሽም።»

ከዚያ በኋላ አምስት ሳምንት አልጋዋ አጠገብ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ከእሱ የሚደርሰን የመዶሻው ድምፅ ነበር። ሲያቆም እማዬ ዓይኗን ትገልጥና «ደከመው» ትላለች። መጀመሪያ ላይ ተናድጄበት ነበር። በኋላ ገባኝ፤ መኝታ ቤት ያለውን ነገር የሚያቃና መዶሻ አልነበረውም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ እማዬ ተሸክሜ ጋራዥ እንድወስዳት አዘዘችኝ። አባዬ አልነበረም፤ የብየዳ ኦክስጅን ሊያስሞላ ሄዷል። የእሷን ኦክስጅን ቀቢው ያዘልኝ። እማዬ ከመኪናዋ በር ትቀል ነበር። ቀዩ ቆዳ ላይ አስቀመጥናት። መኪናዋ ጎማ የላትም፤ በአራት የብረት እግር ላይ ቆማለች። እማዬ ቆዳውን በመዳፏ ዳበሰችና፣ ለእኛም ፍራሽ ከዚህ ቢያሰራልን ምን ነበረበት አለች። ቀቢው ሳቀና ወዲያው ፊቱን አዞረ።

አባዬ ሲሊንደሩን እያንከባለለ ገባ። አያትና ቆመ።

«ምን ትገተራለህ? ና ንዳ» አለችው።

መኪናዋ ላይ ወጥቶ መሪው ጋ ተቀመጠ። እማዬ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ የጋራዡን ቆርቆሮ እያየች መንገዱን ትነግረው ጀመር፤ ድልድዩ ጋ ስትደርስ ቀስ በል፣ አሁን ወደ ግራ፣ ውሃው ሞልቷል። እሱም እሺ፣ እሺ ይላል። ዓይኑ ግን በእሷ በኩል ካለው በር ላይ አልተነሳም። ክፍተቱን እያየ ነበር።

«አንዴ ብቻ» ብሎ ወረደ። መዶሻና የእንጨት ቁራጭ አንስቶ ዞረና የበሩ ማጠፊያ ሥር ተንበረከከ። እማዬ እጀታውን እንድትይዝለት ነገራት። ያዘችለት።

ጥቂት መታና «እስቲ ሳቢው» አለ። ሳበችው፤ የመቆለፊያው ጥርስ ነክሶ ቀረ። «ቀረብን» አለ። ለእኔ የቀረበው ለቅሶ እንጂ በሩ አልመሰለኝም። ደግሞ መታ። «አሁንስ?» በሩ አልተነቃነቀም። ማጠፊያውን አላልቶ፣ እንጨቱን ደግፎ፣ ሁለት ጊዜ አሳረፈበት።

«አሁን ሳቢው። ሳቢው እንጂ።»

ቀቢው ክንዴን ጨበጠኝ። እኛ ከቆምንበት ፊቷ ይታያል፤ ዓይኗ ቆርቆሮው ላይ ፈዞ ቀርቷል።

እጀታው ሳይሳብ ሲቀር አባዬ በሩን ራሱ ገፋው። ያለ አንዳች ድምፅ ገጠመ፤ ከላይም ከታችም ክፍተቱ እኩል ነው። ላቡን በክርኑ ጠረገ፣ ሊያሳያት ቀና አለ።