በመብራት የበቀለ ገብስ

ግርማይ የደረቀውን ቡቃያ ከነሥሩ ፀሐይ ላይ ከተሰጣበት ቆርቆሮ ለቅሞ በሚዛኑ አንድ ወገን አስቀመጠ። በሌላው ወገን፣ መጀመሪያ ለዘር የገባውን ያህል ገብስ አደረገበት። ሀሊሜ ውኃ ማጠጫዋን እንደያዘች ቆማ ሚዛኑን አየች። የገብሱ ወገን ወደ ታች ወረደ።

"ዛሬም?" አለች።

"ዛሬም ገብሱ ከበደ።"

ሦስተኛ ጊዜው ነበር። ከኋላቸው፣ መስኮቶቹ በጆንያ በተደፈኑት ክፍል ውስጥ፣ ገብሱ በቆርቆሮ ትሪዎች ላይ ተደርድሮ በረጃጅም ነጭ አምፖሎች ሥር ይበቅላል። ጄኔሬተሩ ሲያጓራ ይውላል። ውጭ የራያ ፀሐይ ድንጋይ ይሰነጥቃል፤ ውስጥ በናፍጣ መብራት ይበራል። ሐሳቡ የመጣው ከአዲስ አበባ ነው። ደረቁ ነፋስ ስለማያገኘው በጥቂት ውኃ ብዙ መኖ ይወጣል፣ የመንግሥት ከብት ርባታ ምርጥ ላሞችም ከድርቁ ይተርፋሉ ተብሎ ነበር። ግርማይ ከአላማጣ ወደ ቆቦ የተዛወረው ይህንኑ እንዲለካ ነው፤ ምን ያህል ናፍጣ ተቃጥሎ፣ ምን ያህል መኖ እንደተገኘ። መጀመሪያ ለምለሙን ቡቃያ ሲመዝን ደስ ብሎት ነበር። በኋላ ግን እያደረቀ መመዘን ጀመረ።

ሀሊሜ ከዞብል ተራራ ሥር የመጣች ሴት ናት። ባሏ ሥራ ፍለጋ ወደ አፋር የጥጥ እርሻ ወርዶ ወሬው ጠፋ። ላሟ ሞተች። ልጇን ራህመትን አዝላ ቆቦ ገባችና እዚህ ውኃ አጠጪ ሆነች። ለላሞች የሚበቅለውን ሣር ስትንከባከብ ውላ፣ ማታ ልጇን በምን እንደምታሳድር የሚያውቀው አላህ ነው።

ከቀትር በኋላ የጣቢያው ኃላፊ አራጌ በላንድሮቨር መጣ። የጎብዬ ሰው ነው፤ ከሹመቱ በፊት አስተማሪ ነበር፤ አሁንም ሲናገር ጣቶቹን ጠመኔ እንደያዘ ሰው ያገጣጥማል።

"ነገ እንግዶች ይመጣሉ፤ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ነው" አለ። "እርጥቡ ስንት መጣ?"

"የዘሩን ስድስት እጥፍ።"

"እሱን ጻፍልኝ።"

"የጨመረው ውኃው ነው፣ ጓድ አራጌ። ሲደርቅ ከገባው ገብስ ያንሳል። መብራቱም ምንም አልጨመረለትም። ናፍጣውን በከንቱ ነው የምናቃጥለው።"

"ላሟ አድርቃ ነው እንዴ የምትበላው?"

ግርማይ አልሳቀም። "ናሙናውን አዲስ አበባ ላሉት መምህሬ ልልክ ነው። እሳቸው ካዩት ይሰማሉ። ገብሱም ናፍጣውም ለሰው ይሁን ይላሉ።"

አራጌ ወደ ሾፌሩ ዞር ብሎ አየና ግርማይን በክንዱ ይዞ ወደ ጥላው ወሰደው።

"ይዘጉታል እንበል። መጋዘን ያለው ገብስ ወዴት የሚሄድ ይመስልሃል? ጦሩ ባለፈው ወር ጠይቆኝ ነበር። ሙከራ ላይ ነው ብዬ ነው ያስቀረሁት። ሙከራው ካበቃ በማግስቱ ይጭኑታል።"

"ለሕዝቡ ብለን ብንጠይቅስ?"

"ጠይቄአለሁ።" የአራጌ ድምፅ ዝቅ አለ። "የበላዮቻችን ረሃብ የሚለውን ቃል አውጥተህ እንደገና ጻፍ አሉኝ። አወጣሁት። ረሃቡ ከሌለ ታዲያ እህሉ ለምንህ ነው ብለው መለሱልኝ።"

ሁለቱም ወደ መንገዱ ተመለከቱ። ከዋጃ በኩል ሰዎች በአስፋልቱ ዳር ወደ ቆቦ ይጎተታሉ። አንድ ሰው ሽማግሌ አዝሏል፤ ሽማግሌው እንደ ሕፃን አንገቱን ጥሏል።

"ስመለስ ቁጥሩን እወስዳለሁ" አለ አራጌ፣ መኪናው ውስጥ እየገባ።

ግርማይ ናሙናውን በጋዜጣ ጠቅልሎ የመምህሩን ስም ጻፈበት። ሀሊሜ በሩን ተደግፋ ስታየው ቆየች።

"የተናገራችሁትን ሰምቻለሁ" አለች። "ከተዘጋ እኔ ወዴት ልግባ?"

"እትዬ ሀሊሜ፣ ውሸት ጻፍ እኮ ነው የሚለኝ።"

"አውቃለሁ። እርጥቡን ጻፍላቸው፣ ወንድምዓለም።"

"አንቺም?"

"እኔም። እውነቱን ብትጽፈው ራህመትን የሚያበላት ማነው? ወታደሩ? ያዲሳባው ሰውዬ?" ከነጠላዋ ጫፍ ላይ አቧራ አራገፈች። "ለቁራሽም ቢሆን የምትበቃ ደመወዝ አለችኝ። እሷንም አታሳጣኝ።"

ከሌላ ሰው ጋር ቢሆን ግርማይ ይከራከር ነበር። የሚሟገተው ለእሷ ይመስለው ነበርና፣ አሁን ለማን እንደሆነ ጠፋበት። ገብቶ እርጥቡን ቁጥር ጻፈ።

አመሻሽ ላይ የታሂር ጭነት መኪና በሩ ላይ ጡሩምባ ነፋ። ታሂር ደሴ የሚወርድ ሾፌር ነው፤ ናሙናውን ለአዲስ አበባ አውቶቡስ አሳልፋለሁ ብሎ ቃል ገብቶለት ነበር። ግርማይ ጥቅሉን ይዞ ወጣ። ቁጥሩ ቢዋሽም ይህ ደረቅ ቡቃያ አይዋሽም፤ መምህሩ ራሳቸው መዝነው ይደርሱበታል ብሎ አስቧል።

በቆርቆሮው አጠገብ ሀሊሜ ቁጢጥ ብላለች። ሲደርቅ የረገፈውን ፍሬ ከአሸዋው እየለየች ነጠላዋ ላይ ታኖራለች። እንዳያት ስታውቅ እጇን ሰበሰበች፤ ግን አልተነሳችም።

"ምን ሊሆንሽ ነው?"

"ይፈጫል። ሙቅ ይሆናል።"

"ሥሩ ነው እኮ የሚበዛው።"

"ከሥሩ ጋር ይፈጫል።"

ታሂር ከመኪናው አንገቱን አውጥቶ፣ "ግርማይ፣ መሸብኝ እኮ! የምትልከውን አምጣው" አለ።

ግርማይ ጥቅሉን አየው። ሌላ ናሙና አይኖርም፤ ከነገ ጀምሮ የሚመዘነው እርጥቡ ብቻ ነው።

"የምልከው የለኝም። በሰላም ግባ" አለው።

መኪናው ከሄደ በኋላ ጎንበስ ብሎ የመምህሩ ስም የተጻፈበትን ጋዜጣ ቀደደና፣ ደረቁን ቡቃያ በሀሊሜ ነጠላ ላይ ገለበጠላት።