አስራ ስድስት ቁራሽ

ቻይነሽ ድፎ ዳቦውን ከነኮባው አቅፋ ከእህል መጋዘኑ ልትገባ ስትል ዘቡ ክንፈሚካኤል ጠመንጃውን አጋድሞ ዘጋባት።

«ለአንድ ሰው ብቻ ማስገባት ቀርቷል፣ እናቴ። ትናንት በቁራሽ ተደባድበው ደም ፈሷል። ለሁሉም እኩል ያካፍሉ፤ አለዚያ ይዘውት ይመለሱ።»

«ስንት ናቸው?»

«ጧት ስቆጥር አስራ ስድስት ነበሩ።»

መጋዘኑ ቡሬ ከተማ ዳር ነው። ለብሔራዊ ውትድርና የታፈሱ ጎረምሶች እስኪጫኑ ድረስ እዚያ ይታጎራሉ። የቻይነሽ ትልቁ ልጅ ቸኮለ ከተያዘ ሰንብቷል። እሷም ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ታናሹን ሙሉሰውን በሬ ሲጠምድ ትታው ወጣች፤ በሩ ላይ ግን «ይቆዩ፣ ይቆዩ» ሲሏት ፀሐይ አዘቀዘቀች።

ቢላዋ ተዋሰች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ማኅበር ስትደግስ ዳቦ ማካፈል ግን ታውቅበታለች። ዳቦውን ለሁለት ገመሰችው፤ ግማሹን እንደገና ለሁለት፣ ያንንም ለሁለት፣ አስራ ስድስት እስኪሞላ። ለቸኮለ አንዷን ወፈር ልታደርግለት እጇ ቃጣ። ዘቡ ያያታል፤ ተወችው።

ስትገባ ቸኮለ ብድግ ብሎ ጉልበቷን ሳመ። ዓይኑን ግን አሸሸባት። ደክሞት ይሆናል አለችና ማደል ጀመረች። ኮባው ባዶ ሲሆን፣ ከጎረምሶቹ ጀርባ ጋቢ ተከናንቦ የተቀመጠ አንድ ሰው ቀረ።

«አንድ ሰው ዘለሉ፣ እማማ» አላት ያህያ የሚባል የቡሬ ነጋዴ ልጅ።

«አስራ ስድስት ብለውኝ ነው እኮ። ቀና በል እስቲ፣ የኔ ልጅ፣ አትቀየመኝ።»

ሰውየው አልተነቃነቀም። ጎንበስ ብላ ጋቢውን ገለጠችው።

ሙሉሰው ነበር። እግሩ ላይ የእርሻው ጭቃ ገና አልደረቀም።

ጋቢውን ጨብጣ እንደያዘች ግድግዳውን ተደገፈች። ጧት «ጠላውን አንሺልኝ፣ ማታ እጠጣዋለሁ» ያላት ልጅ ነው።

«ከእርሻ ላይ ነው ያፈሱኝ» አለ ሙሉሰው። «በመኪና አምጥተው በጓሮ በር አስገቡኝ። ድምፅሽን ስሰማ እንዳታዪኝ ብዬ...»

ቸኮለ የራሱን ቁራሽ ለሁለት ቆርሶ ግማሹን ለወንድሙ ሰጠው። ያህያም ከራሱ ቆርሶ ጨመረለት። የሚያላምጥ ግን አልነበረም።

«በሬዎቹስ?» አለ ቸኮለ።

«ከነቀንበራቸው እርሻው ላይ ቀሩ።»

«እማ፣ ሂጂ!» አላት ቸኮለ። «ሳይጨልም ድረሺላቸው። ጅብ ይበላቸዋል!»

ክንፈሚካኤል በሩ ላይ ቆሞ መሬት መሬቱን እያየ፣ «በሉ ይውጡ፣ እናቴ። ጧት መኪና ይመጣል» አለ።

ቻይነሽ ወጣች። ወደ አገሯ የሚወስደውን መንገድ ጥቂት ቆማ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ከበሩ ደፍ ሥር አነጠፈችና ተቀመጠች።

«እማ! በሬዎቹ!» ሲል ቸኮለ ከውስጥ ተጣራ።

«ይብላቸው» አለች።